የጃንዋሪ ልጆች አዋላጅ

ሚንከ ቦልሃውስ በኦልደርሃውዘን መንደር ሃያ ስድስት ዓመት በአዋላጅነት ስትሠራ ሰዎችን የምትለየው በስማቸው ሳይሆን በአመጣጣቸው ነበር። ፖስታ ቤት መስኮት ላይ ክራባቱን አጥብቆ የተቀመጠውን ወጣት ስታይ በሆዷ «ይሄ ከራሱ በፊት እግሩን አስቀድሞ የተወለደው ነው» ትላለች። ዳቦ ቤት የምታስተናግደዋ ልጅ ቦዩ በረዶ በሠራበት ሰሞን፣ ሚንከ ከነብስክሌቷ ተንሸራታ ጉልበቷ በተላጠ ቀን የተወለደች ናት። ሰው መንገድ ላይ ቆሞ ሰላም ሲላት መጀመሪያ ትዝ የሚላት አየሩ ነው፤ ጭጋግ ነበር፣ ዶፍ ነበር፣ ነፋሱ የአጥሩን በር ገንጥሎት ነበር። ስሙ ዘግይቶ ይመጣል።

ከእግር ኳስ ጋር ግን ምንም ጉዳይ አልነበራትም። በኦልደርሃውዘን ይህ ጮክ ተብሎ የሚነገር ነገር አይደለም። መንደሩ አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ አንድ ዳቦ ቤትና ሦስት የኳስ ሜዳዎች አሉት፤ ሦስተኛው ሜዳ መብራት ሲተከልለት ሪባኑን የቆረጠው ቄሱ ነው። ሚንከ ሜዳ የወጣችው በሰው ወገብ ምክንያት ነበር። የክለቡ የመጀመሪያ ርዳታ ሰጪ ሶፋ ሲያነሳ ወገቡ ተያዘና ጸሐፊው ደወለላት።

«የሕክምና ሳጥኑ አለሽ። መቀመጥ ብቻ ነው የሚጠበቅብሽ» አላት።

በሜይ ወር አንድ ቅዳሜ፣ በሚያካፋ ዝናብ፣ ሳጥኗን ጉልበቷ ላይ አድርጋ የሜዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ቀኑ የምርጫ ቀን ነበር። በአንድ ዓመት የተወለዱ፣ አሥር ዓመት የሞላቸው አርባ ሁለት ልጆች ተሰልፈዋል፤ አሥራ አራቱ ይመረጣሉ። የተመረጠ ልጅ ስሙ የተጻፈበት ሰማያዊ ጃኬት ይለብሳል፣ በሳምንት ሦስት ቀን በእውነተኛ አሰልጣኝ ይሠለጥናል፣ ለግጥሚያ በአውቶቡስ ይሄዳል። ያልተመረጠ ደግሞ ረቡዕ ረቡዕ ከዕቃ ማስቀመጫው ጀርባ ይጫወታል። የረቡዕ አሰልጣኝ የሚሆነው ከዓመታዊው ስብሰባ የቀረ ወላጅ ነው፤ በሌለበት ይመረጣል።

መራጩ ሩሎፍ ታሚንጋ ነበር። ሩሎፍ በሥራ ቀን የኩሽና ቁምሳጥን ይሸጣል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የክለቡ የወጣቶች ኃላፊ ነው። በሁለቱም ሥራ የሚመካው በዓይኑ ነበር። «ችሎታ ያለው ልጅ ከመኪና ሲወርድ ይታወቀኛል» ይላል። «ኩሽና የሚገዛውንም ከበር ሲገባ ነው የምለየው።»

ሚንከ የኳሱን ነገር መከታተል ስላቃታት ልጆቹን ማየት ያዘች። ሩሎፍ በጣቱ እየጠራ ሰማያዊ ሰደርያ ያለብሳል። ያ ጸጉረ ቀዩ ረጅም በጃንዋሪ፣ በአዲስ ዓመት ማግስት፣ ርችቱ ገና ጎዳና ላይ ተበትኖ ሳለ የመጣው ነው። ከጎኑ ያለው በጃንዋሪው ማዕበል። ሦስተኛው ወተት የሚያመላልሰው መኪና በረዶ ላይ የቆመ ዕለት። አራተኛውም በረዶ፣ አምስተኛውም በረዶ። ሰደርያ ሳያገኙ ወደቀሩት ዞር ስትል ደግሞ ሌላ አየር ሆነባት፤ ሁለቱ አጨዳ ላይ፣ አንዱ በኖቬምበር፣ ልጆች በቅዱስ ማርቲን ፋኖስ ቤት ለቤት በሚዞሩበት ምሽት፣ ኤቨርት የሚሉት ኮሳሳው ደግሞ በዲሴምበር፣ ከገና ሦስት ቀን ቀደም ብሎ። ኤቨርት ከቀዩ ልጅ ብብት ሥር ያልፋል። ኳሷን ግን ከሁሉም በላይ እሱ ነበር የሚነካት፤ ከዚያ አንድ ረጅም ልጅ መጥቶ እሱንም ኳሷንም ጠርጎ ይሄዳል።

ዕረፍት ሲሆን ሩሎፍ ሻዩን ይዞ አጠገቧ ቆመ።

«እህ፣ ማንም አልተጎዳብሽም?»

«ሩሎፍ፣ የመረጥካቸው በሙሉ የበረዶ ልጆች ናቸው።»

«ምን ማለት ነው?»

«ከአሥራ አራቱ አሥራ አንዱ ከጃንዋሪ እስከ ማርች የተወለዱ ናቸው። ከጁን በኋላ የተወለደ አንድም የለም። አንድ በአንድ የተቀበልኳቸው እኔ ነኝ።»

«አጋጣሚ ነው።»

«ያ ትንሹ ኤቨርት ከቀዩ ጋር ዓመት ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ነው የሚበላለጡት። አንዱ ቆሞ ወንበር ሲገፋ ሌላው ገና እናቱ ሆድ ውስጥ ነበር።»

«እኔ የማየው ችሎታ ነው፣ ሚንከ። አንቺ ሕፃን ታያለሽ፣ እኔ ተጫዋች አያለሁ።»

«አንተ የምታየው ጃንዋሪን ነው። ካላመንክ የምዝገባ ካርዱ ቢሮህ ውስጥ አለ። ቁጠረው።»

ሩሎፍ ሳቀና ሄደ። ግን ቆጠረው። አንድ ሳምንት ሙሉ ቢሮው ተቆልፎ ከረመ፤ የአሥራ ሁለት ዓመት ካርድ አገላብጦ ሲወጣ ፊቱ ብርሃን የወረደለት ሰው ይመስል ነበር። ሚንከ ይህን ስትሰማ ደስ አላት። እነኤቨርት አሁን አንድ ነገር ያገኛሉ ብላ አሰበች።

በሴፕቴምበር ክለቡ ካንቲን ውስጥ ስብሰባ ተጠራ። ሩሎፍ እንደ ኩሽና ማስታወቂያ ያሸበረቀ ሰሌዳ አቁሞ፣ ባለ ቀለም ዓምዶቹን በዘንግ እየነካ፣ «ለብዙ ዓመታት ያካሄድኩት ጥናት» ሲል ጀመረ። የጃንዋሪው ዓምድ ቀይና ረጅም፣ የዲሴምበሩ ግራጫና የጥፍር ያህል ነበር። ሕዝቡ አጨበጨበ። ከኋላ የተቀመጠችው ሚንከ ስሟ እስኪጠራ ጠብቃ ሳይጠራ ሲቀር ተወችው።

«መደምደሚያው ግልጽ ነው» አለ ሩሎፍ። «የጃንዋሪ ልጅ ይበልጣል። ሳይንስ ነው።»

ሚንከ እጇን አወጣች። «አይበልጥም። ይቀድማል እንጂ።»

«ውጤቱ ያው ነው» አለ ሩሎፍ።

«ያው አይደለም። የቀደመው ሌላው እስኪደርስ ነው የሚቀድመው። በምርጫ ቀን ማልያውን በዕድሜ ቅደም ተከተል ቁጥር ስጡ፤ ታላቁ አንድ፣ ታናሹ አርባ ሁለት። አርባ ሁለት ቁጥር ትንሽ ሆኖ ብታየው ለምን ትንሽ እንደሆነ ይገባሃል።»

ጸሐፊው የማልያዎቹን ቁጥር በገንዘቡ ያስለጠፈው ክለቡን የሚደግፈው የከብት መኖ ነጋዴ መሆኑንና ቁጥሩ ቢቀየር ቅር እንደሚለው አስረዳ። ድምፅ ተሰጠ። ሐሳቡን ሦስት ሰዎች ደገፉ፤ ከሦስቱ አንዱ እጁን ያወጣው ክሮኬት ጥብስ ለማዘዝ ነበር።

ከዚያ ያርኖ ተነሣ። ያርኖ ሃያ አምስት ዓመቱ ነው፣ ጣሪያ ይሠራል፣ ፌናን ካገባ ገና ስድስት ወሩ ነው። ሚንከ በሥራዋ የመጀመሪያ ዓመት ያዋለደችው ልጅ ነው፤ ለመውጣት አሥራ ዘጠኝ ሰዓት ፈጅቶበታል።

«አንድ ጥያቄ አለኝ» አለ ጆሮው እየቀላ። «እንግዲህ አንድ ሰው… ለጃንዋሪ እንዲደርስለት ቢፈልግ… በየትኛው ወር ነው የሚጀምረው?»

ሩሎፍ ሰሌዳውን ቢያይ መልሱ የለም። ሁሉም ወደ ኋላ ዞሮ ሚንከን አየ።

«ኤፕሪል» አለች ሚንከ።

ሃያ ስድስት ዓመት ይህን ሲጠይቋት የኖረች ሴት ናትና አፏ ቀደማት። ወደ ቤቷ ብስክሌቷን እየገፋች ስትሄድ ነው ምን እንዳደረገች የገባት።

ያ ዓመት ለኦልደርሃውዘን ባሎች የጾም ዓመት ሆነ። ኳስ የሚወድ ቤት ሁሉ ኤፕሪልን ጠበቀ። ማርች ላይ አንዱ ራሱን አላምን ብሎ እናቱ ቤት ሄዶ አደረ። ኤፕሪል ሲገባ ደግሞ የመዘምራኑ ልምምድ ወፍራም ድምፅ ያላቸው ወንዶች ስለጠፉ ሁለት ሳምንት ተሰረዘ፣ ካንቲኑ ዓርብ ዓርብ ባዶውን አመሸ፣ ጠንካሮቹ የጣሪያ ሠራተኞች ከሥራ በጊዜ መውጣት ጀመሩ። ጁን ላይ ሚንከ የቀጠሮ ደብተሯን ስትገልጥ ለጃንዋሪ አሥራ አራት ስም ተጽፏል። በሌላ ጊዜ በወር አራት ቢመጡላት ነው። ከተማ ላለችው የሥራ ባልደረባዋ ደውላ ርዳታ ጠየቀች።

«ምን ገባ እናንተ መንደር? ወረርሽኝ ነው?» አለች ባልደረባዋ።

«ኳስ ነው» አለች ሚንከ።

ፌና የመውለጃ ቀኗ ጃንዋሪ ስድስት ነበር። ያርኖ ቸኩሎ በኤፕሪል ሁለተኛ ሳምንት ስለጀመረ እንጂ ሌሎቹ ትንሽ ራቅ ይላሉ። በዲሴምበር የመጨረሻዋ ቀን፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ፣ የፌና ሽርት ውኃ ፈሰሰ።

ሚንከ ስትደርስ የመንደሩ ወጣቶች ከቤቱ ጀርባ ባለው ግጦሽ ላይ እንደ አዲስ ዓመት ዋዜማ ልማዳቸው የወተት ቢዶን ደርድረው ውኃ ሲነካው ጋዝ በሚያወጣ ካርባይድ ያፈነዳሉ። በእያንዳንዱ ፍንዳታ መስኮቱ ይንቀጠቀጣል። ያርኖ ደረጃው ሥር ቆሞ ሰዓቱን ያያል።

«ስንት ሰዓት ይፈጃል፣ አክስቴ ሚንከ?» አላት፤ ያዋለደቻቸው ሁሉ አክስቴ ይሏታል።

ሚንከ ደረጃውን ወጥታ ፌናን አይታ ተመለሰች። «በዚህ አካሄድ ሳይመሽ ያልቃል።»

«እኔ አሥራ ዘጠኝ ሰዓት ፈጅቻለሁ አላልሽም?»

«አንተ ሰነፍ ነበርክ።»

ተከትሏት ወጣ። ፌና የአልጋውን ብረት ይዛ ትተነፍሳለች። ያርኖ ጉሮሮውን ጠራርጎ በለሰለሰ ድምፅ፣ «ፌና፣ የኔ ፍቅር፣ ዝም ብዬ ሳስበው… በጎንሽ ብትተኚ፣ እግርሽን ብትሰበስቢ… እኩለ ሌሊት እኮ ሩቅ አይደለም» አላት።

«ና እስቲ እዚህ» አለችው ፌና።

ሄደ።

«እጅህን አምጣ።»

ሰጣት። ምጡ ሲመጣ ጣቶቹን አንድ ላይ ጨብጣ እስኪያልፍ ድረስ አልለቀቀችውም። ያርኖ ተንበረከከ። ጣሪያ ላይ ሲወጣ የማይፈራ ሰው አልጋው ጠርዝ ላይ ግንባሩን ደፋ።

«ይህን ስምንት ሰዓት ያዘውና አሳየኝ» አለችው።

ከዚያ በኋላ ያርኖ ስለ ሰዓት አልተናገረም። ልጅቱ አሥር ሰዓት ከአሥር ላይ፣ ትልቁ ቢዶን ሲፈነዳ፣ እየጮኸች መጣች። ሚንከ ጠቅልላ ለእናቷ ሰጠች። ያርኖ መጀመሪያ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየ፣ ከዚያ ልጅቱን አየና አለቀሰ፤ ለየትኛው እንዳለቀሰ ሚንከ አልጠየቀችም። ስሟን ሊስከ አሏት።

ሚንከ ታች ወርዳ ለማዘጋጃ ቤቱ የሚሄደውን ወረቀት ስትሞላ ያርኖ ስኳር የተነሰነሰበት ትኩስ የሊጥ ጥብስ በሳህን ይዞላት መጣ።

«ብዪ፣ አክስቴ።»

«አመሰግናለሁ።»

«ነገ ብለሽ ብትጽፊው ማንን ይጎዳል?»

«የሆነውን ነው የምጽፈው።»

«ስምንት ሰዓት እኮ ነው። ዕድሜ ልኳን የመጨረሻ ልትሆን ነው። ከእሷ ዓመት ልጆች ሁሉ ታናሽ፣ ከሁሉም ትንሽ። ለስምንት ሰዓት ብለሽ።»

«ያርኖ፣ ልጅቱ መጥታለች። ስታለቅስ ይሰማኛል። አልመጣችም ብዬ ልጻፍ?»

ሚንከ ቀኑን ጻፈች። ብዕሩን ስታስቀምጥ ግን «ኤፕሪል» ያለችው ራሷ መሆኗ ትዝ አላት። የሊጥ ጥብሱን በልታ ስትጨርስ ሳህኑን አጥባ ሄደች።

ከዚያ በጃንዋሪ በሃያ አምስት ቀን ውስጥ አሥራ ሦስት ልጅ ተወለደ። ሚንከ አራት ኪሎ ቀነሰች። ለአራስ ጠያቂ የሚቀርበው የዳቦ ቤቱ ደረቅ ዳቦና የአኒስ ስኳር አለቀ፤ ሕፃን ሊጠይቅ የሄደ ሁሉ ባዶ ሻይ ጠጥቶ ተመለሰ። ሩሎፍ ለእያንዳንዱ ሕፃን የክለቡን ትንሽ ማልያ ላከ፤ እስከ ጃንዋሪ አሥር ለተወለዱት ደግሞ ኮፍያ ጨመረ። ለሊስከ ያልላከው ረስቶ ነው አሉ።

ሊስከ ሰባት ዓመት ሲሆናት በራሷ ዓመት ልጆች መካከል ለምርጫ ቀረበች። ማልያው ጉልበቷ ድረስ ደረሰ። ሩሎፍ ከያርኖ መኪና ስትወርድ አይቷት ዓይኑን ወደሚቀጥለው መኪና አሻገረ። ረቡዕ ከዕቃ ማስቀመጫው ጀርባ ተመደበች።

በዚያው ወራት ሚንከ ስልሳ ዓመት ሞላትና ጡረታ ወጣች። የመጨረሻዋን ወላድ ስትጎበኝ የክለቡ ስብሰባ አመለጣት፤ በማግሥቱ ጸሐፊው ደውሎ በአንድ ድምፅ የረቡዕ አሰልጣኝ መሆኗን አበሠራት።

«ስለ ኳስ ምንም አላውቅም» አለችው።

«ያለፈውም አያውቅም ነበር» አላት።

ሥልጠናዋ የሙያዋን ይመስል ነበር። ልጆቹን ለሁለት ትከፍልና፣ ኳስ ትሰጣቸውና፣ ትጠብቃለች። አንዱ ሲደናገጥ፣ «ተንፍስ። አትቸኩል። ይመጣል» ትለዋለች። ማልያ ላይ በፕላስተር ቁጥር ለጠፈች፣ ታላቁ አንድ፣ ታናሿ አሥራ ዘጠኝ። አሥራ ዘጠኝ ቁጥር ሊስከ ነበረች። ትልልቆቹ ሲመጡባት መግፋት እንደማትችል ስታውቅ ኳሷን ቀድማ ማቀበል ለመደች፤ ማንም ስላልጮኸባት ስትሳሳት ትስቃለች።

በሚቀጥለው ዓመት የጃንዋሪዎቹ ተራ ደረሰ። ሩሎፍ ስምንት ዓመት ሲጠብቀው የኖረው ቀን ነበር። አሥራ ሦስቱም ተሰለፉ፣ ሁሉም ጃንዋሪ፣ ለትንንሾቹ ቡድን የሚያስፈልጉት ግን ስምንት ብቻ ናቸው። ዓይኑ መለየት ሲያቅተው ወደ ካርዱ ዞረና እስከ አሥራ አምስት የተወለዱትን መርጦ የተቀሩትን «ዘግይተው የመጡ» አላቸው። ከእኩለ ሌሊት ሃያ ደቂቃ አልፎ በአሥራ ስድስተኛው ቀን የተወለደው ልጅ አባት ሚንከ ቤት መጣ።

«ጭንቅላቱ ከእኩለ ሌሊት በፊት ወጥቶ ነበር የሚል ወረቀት ብትጽፊልኝ» አላት።

«ጭንቅላቱ የወጣው በሃያ ደቂቃው ነው። በፊት የወጣው ያንተ ነው፤ ኮሪደሩ ላይ ራስህን ስተህ ነበር።»

በዚያው ዓመት መጸው የአውራጃው የእግር ኳስ ማኅበር ደብዳቤ ላከ። አንዳንድ መንደሮች ቀን መቁጠሪያውን ካለቦታው እያዋሉት እንደሆነ ስለተደረሰበት፣ ከመጪው ወቅት ጀምሮ የዕድሜ ምድብ መነሻ ቀኑ ከጃንዋሪ አንድ ወደ ጁላይ አንድ ተዛውሯል ይላል። ደብዳቤው ካንቲኑ ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ የአሥራ ሦስቱ አባቶች ቆመው አነበቡት። ቢራ ያዘዘ የለም። የጃንዋሪ ልጅ በአንድ ሌሊት የመሐል ልጅ ሆነ፤ የጎረቤት መንደሮቹ የጁላይና የኦገስት ልጆች ትከሻቸውን አስፍተው ይጠብቃሉ።

ሊስከ ከጃንዋሪዎቹ ጋር ተደለደለች። በኦልደርሃውዘን እሷ በተወለደችበት ዓመት ከጁላይ እስከ ዲሴምበር ኳስ የሚወድ ሌላ ቤት አልወለደም፤ ሁሉም ኤፕሪልን ሲጠብቅ ነበርና። ስለዚህ የሊስከ ታላቅ የለም። ከሁሉም ታናሽ የነበረችው ልጅ ከሁሉም ታላቅ ሆነች፣ እሷ ራሷ ምንም ሳታደርግ።

በምርጫው ቀን ሩሎፍ ካርዱን አገላብጦ ሲያበቃ የያርኖን ትከሻ መታ መታ አደረገ።

«ይቺን ልጅ ከመኪና ስትወርድ ነው ያወቅኋት» አለው።

«ዛሬ በብስክሌት ነው የመጣችው» አለች ሚንከ ከጎን።

«ያው ነው።»

ሊስከ ሰማያዊውን ጃኬት ተቀበለች፣ ስለሚሞቃት። ያርኖ ጃኬቱን አስለብሷት ለእናቱም፣ ለአማቱም፣ ጣሪያውን ለሚሠራለት ሰውም አሳየ። ኤቨርትን ዳቦ ቤት ያገኘውም ያኔ ነው፤ ያ ኮሳሳው አሁን ከበር ጎንበስ ብሎ የሚገባ፣ የነፋስ ኃይል ማመንጫ ምሰሶ ላይ የሚሠራ ጎረምሳ ሆኗል። ያርኖ «እንደዚህ ቁመት አውጥተህ ምነው አትጫወትም?» ብሎ ጠየቀው። ኤቨርት፣ «ኳስ አልሆነልኝም። በአሥር ዓመቴ ነገሩኝ» አለና ዳቦውን ይዞ ሄደ። ያርኖ ይህን ማታ ለፌና ነገራት፤ ለምን እንደከነከነው ግን አላወቀም።

ሁለት ወር አለፈ። ሩሎፍ ከጠርዙ ሆኖ ይጮሃል፣ የሊስከ ኳስ ማቀበል «ድፍረት ማጣት» ተባለ። አንድ ረቡዕ ከትምህርት ቤት ስትወጣ ጃኬቷን እንደለበሰች ከዕቃ ማስቀመጫው ጀርባ መጥታ ቆመች።

«አክስቴ ሚንከ፣ ቦታ አለ?»

«አሥራ ዘጠኝ ቁጥር ባዶ ነው። አሁን ግን አንደኛ ነሽ፤ ፕላስተሩን መቀየር አለብኝ።»

«አሥራ ዘጠኝ ይሁን።»

ያርኖ ሦስት ቀን አኮረፈ። በሚቀጥለው ረቡዕ ሚንከ ቀና ስትል ከግድግዳው ጥግ ቆሞ አየችው። ሳታናግረው የምልክት ሾጣጣዎቹን ሰጠችው፤ ተቀብሎ ደረደረ።

ረቡዕ እንዲህ እያለ ወደ ሠላሳ አራት ልጅ ደረሰ። የጃንዋሪ አሥራ ስድስቱም መጣ፣ ከተመረጡት ሦስቱም በድብቅ መጡ። ይህን ያህል ልጅ በአንድ ቦታ ሲሰበሰብ ክለቡ ዝም ብሎ ማየት አልቻለም፤ ኖቬምበር ላይ ሩሎፍ ብዕሩን ጆሮው ላይ ሰክቶ፣ ክላሴሩን ታቅፎ ብቅ አለ።

«ጥሩ ሥራ ነው፣ ሚንከ። ከእነዚህ ውስጥ የረቡዕ ምርጥ አሥራ አራት እንለይ ብለናል።»

ሚንከ ልጆቹን አየች፣ ሩሎፍን አየች። ከዚያ ኳሶቹን መረብ ውስጥ ከታ ብስክሌቷ ላይ ጫነች።

«ወዴት ነው?» አላት።

«ወደ ግጦሹ። ባለቤቱ ከላሞቹ ጋር ከተስማማችሁ ተጫወቱ ብሎናል።»

ሠላሳ አራቱ ልጆች ተከትለዋት ሄዱ፣ ያርኖም ሾጣጣዎቹን ተሸክሞ ከኋላ። ላሞቹ ወደ አጥሩ ጥግ ፈቀቅ አሉ። ሊስከ ኳሷን ተቀበለች፣ ለጃንዋሪ አሥራ ስድስቱ አሳለፈችለት፣ እሱ ሊመታ ሲሮጥ እበት ላይ ተንሸራቶ በጀርባው ወደቀ፤ ኳሷም ዝም ብላ ተንከባልላ እንደ ግብ ምሰሶ በተቀመጡ ሁለት ጃኬቶች መካከል ገባች።